የባክቴሪያን ውስጥ በቅልና በምስር እንዴት እንሥራ?

የባክቴሪያን ሥዕል ደብተር ላይ መገልበጥ ማንም አያቅተውም። ግን ውስጡ ምን ያህል እንደታጨቀ ከሥዕል አይታይም። ስለዚህ በእጅ እንሥራው። የመረጥነው አንጀታችን ውስጥ የሚኖረውን ኢ. ኮላይን ነው። ርዝመቱ 2 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር ሺኛ ነው) ገደማ ሲሆን፣ 200,000 ጊዜ ስናሳድገው 40 ሳንቲሜትር ይሆናል።

1. ይህን ያህል ርዝመት ያለው ቅል ፈልጉና በቁመቱ ሰንጥቁ። ደብረ ብርሃንና መንዝ ያላችሁ፣ ደጋ ላይ ቅል እንደልብ ስለማይገኝ በገበያ ቀን ከቆላ የመጣ ጠይቁ። ቅርፊቱ የሕዋስ ግድግዳ ነው። ቅርጽ ይሰጣል፣ ሕዋሱ ውሃ ሲገባበት እንዳይፈነዳ ይይዛል። ፔኒሲሊን የሚያሰናክለው የዚህን ግንባታ ነው።

2. ውስጡን በስስ ጨርቅና በኮላ ለብጡ። ይህ ገለፈቱ ነው፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ይመርጣል። ባክቴሪያ ማይቶኮንድሪያ (በእኛ ሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚያመርተው ክፍል) ስለሌለው ኃይል የሚያመርተውም በአብዛኛው እዚሁ ነው።

3. የተዘፈዘፈ ወረቀት ከኮላ ጋር አቡክታችሁ ግማሽ ድረስ ሙሉ። ሕዋሱን የሚሞላው ዝልግልግ ፈሳሽ ስለሆነ ሳይቶፕላዝም በሉት።

4. አሁን ወደ ዋናው፣ የዘር መረጃውን ወደያዘው ወደ ዲኤንኤ። ሲዘረጋ 1.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከራሱ ከሕዋሱ 800 ጊዜ ይረዝማል። በእኛ ልኬት 320 ሜትር ክር ማለት ነው! የመንዝ የበግ ፀጉር ክር ያምራል፣ ግን ይወፍራል፤ እዚህ የሚያስፈልገን ከግማሽ ሚሊሜትር የቀጠነ ነው። የልብስ ስፌት ክር ይሻላል። ዲኤንኤው ቀለበት ስለሆነ ሁለቱን ጫፍ ቋጥሩ። ከዚያ እያከረራችሁ፣ እያጠፋችሁ መሐል ላይ አስቀምጡ። መተብተቡ አይቀርም፣ ታገሡ። ባክቴሪያው ግን እንዲህ አጭቆት እንኳ ያነበዋል፣ ይገለብጠዋል። ልጆች በፌስታል ሊጠቀልሉት ይፈልጋሉ፤ አይሆንም፣ ባክቴሪያ ኒውክለስ (ዲኤንኤን የሚይዝ ከረጢት) የለውም።

5. ከጎኑ በሌላ ቀለም ክር ትንንሽ ቀለበቶች ጨምሩ። ፕላዝሚድ የሚባሉ ትንንሽ የዲኤንኤ ቀለበቶች ናቸው። መድኃኒትን የመቋቋም ባህሪ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ብዙ ጊዜ የሚተላለፈው በእነሱ ነው።

6. ምስር ክክ በትኑ። ይህ ራይቦሶም ነው። ራይቦሶም 20 ናኖሜትር (ናኖሜትር የማይክሮሜትር ሺኛ ነው) ስለሆነ በእኛ ልኬት 4 ሚሊሜትር ይመጣል፤ ምስሩ ልክክ ይላል። አትሰስቱ፣ ቶሎ በሚያድግ ሕዋስ ውስጥ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ፕሮቲን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ለትራኮማ ዓይን ላይ የሚቀባው ቴትራሳይክሊንም ሥራ የሚያስፈታው የባክቴሪያውን ራይቦሶም ነው።

የድሮ መጻሕፍት ሜሶሶም የሚሉትን የገለፈት እጥፋት ተዉት። ናሙና ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲዘጋጅ ኬሚካሉ የፈጠረው ነው።

7. በቀረው ግማሽ ቅል የአባ ሰንጋን ባክቴሪያ ሥሩ። ለዚህኛው ስለ ልኬት አትጨነቁ። ትንሽ የክር ጥቅል በወረቀት ደራርባችሁ ሸፍኑና መሐል አስገቡ። ይህ ስፖር፣ ማለትም ባክቴሪያው ክፉ ጊዜን የሚያልፍበት ጠንካራ ሽፋን ያለው ቅርጽ ነው፤ አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ በግ ሲሞት አይከፈት፣ አይገፈፍ የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ባክቴሪያው አየር ሲያገኝ ስፖር ይሠራል።

ሲደርቅ ከላይ ኮላ ደርቡበት። አለበለዚያ ምስሩን ነቀዝ ይጨርሰዋል።