ለፎቷችሁ ታሪክ ስትጽፉ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

ጀማሪዎች ያነሱትን ፎቶ ሲልኩልኝ ደስ ይለኛል። ብርሃኑን ጠብቀዋል፣ ቦታውን መርጠዋል፣ ደክመውበታል። ከሥሩ የጻፉትን ሳነብ ግን ደሜ የሚፈላበት ጊዜ አለ።

ከሁሉም የሚብሰው ለሰው የሌለውን ስሜት መስጠት ነው። ገበያ የተቀመጡ እናት ፊታቸውን ከቋጠሩ «የኑሮ ጫና» ተብሎ ይጻፍባቸዋል። ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው ራቅ አድርገው ካዩ «የጠፋ ተስፋ»። ማን ነገራችሁ? እሳቸውን ጠየቃችኋቸው? ምናልባት የሚያዩት የጠፋ በሬ ነው፣ ምናልባት ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ገብታ ነው!

እኔም አድርጌዋለሁ። ከዓመታት በፊት ደባርቅ ውስጥ አንድ ግቢ ገብቼ አንዲት እናት አነሳሁ። ግንባራቸው ተኮሳትሯል፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ያልተነገረ ሐዘን» ብዬ ለጠፍኩት። ስንቱ ተቀባበለው። ከሳምንት በኋላ የወንድማቸው ልጅ ጻፈልኝ፦ «ወንድሜ፣ አክስቴ እኮ ለልጃቸው ሠርግ ድፎ ሲደፉ ነው ያነሳሃቸው። ያስለቀሳቸው ጭሱ ነው። ዘመድ ሁሉ ማን ሞተባቸው እያለ እየደወለ ነው።» ዋናውን ፎቶ ከፍቼ አየሁት። ጥግ ላይ ለዳቦው የተዘጋጀው የኮባ ቅጠል ተደራርቦ ይታያል። ፎቶው እንዲያምር ብዬ የቆረጥኩት እሱን ነበር። በዚያው ቀን ከለጠፍኩበት አጠፋሁት፣ ደውዬም ይቅርታ ጠየቅኩ።

በእንስሳትም ላይ ይሄው ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳይ «ሳቀልኝ» ብላችሁ አትጻፉ። ሳቅ አይደለም፣ ውጥረት ላይ ነው። ቀረብ ብላችሁበት ከሆነም ወደኋላ በሉ፣ አብሯችሁ ያለውን ስካውት፣ የፓርኩን ጠባቂ፣ ስሙት። ባሌ፣ ሳነቴ ላይ አንድ ቀይ ቀበሮ ብቻውን ሲሄድ አንስቶ «ከወገኖቹ የተባረረ» ያለ ልጅም አጋጥሞኛል። ቀይ ቀበሮ ቀን ላይ ፍልፈልና አይጥ የሚያድነው ለየብቻው ነው፤ ማታ ከቤተሰቡ ጋር ያድራል። በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ነው፣ እሱም እዚሁ እኛ አገር ብቻ። ይሄ ራሱ ታሪክ አይበቃም? ጉድጓዱን ከነግልገሎቹ ካገኛችሁ ደግሞ ቦታውን አትጻፉ።

ስም ጠይቁ። «አንድ አዛውንት፣ ላሊበላ» ማለት ምንም አለማለት ነው። ለምን እንደመጡ፣ ከየት እንደመጡ፣ ስንት ቀን በእግር እንደተጓዙ ጠይቁ። ስሜ አይጻፍ ካሉ አይጻፍ። ልጅ ከሆነ ወላጁን ሳታስፈቅዱ አትለጥፉ።

የቀኑ ነገር ደግሞ አለ። «ጥምቀት፣ ጎንደር፣ 2010» ብሎ የሚልክልኝ ሰው ስንት ነው! የየትኛው አቆጣጠር 2010? በእኛ ከሆነ በፈረንጆቹ 2018 ነው። በፈረንጆቹ ከሆነ በእኛ 2002 ነው። የስምንት ዓመት ልዩነት እኮ ነው፤ ታቦቱን አጅቦ የሚዘምረው ሕፃን ያኔ ገና አልተወለደ ይሆናል። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ጨምሩ፣ አለቀ። ሰዓቱም እንደዚያው ነው። ካሜራው 12:30 ቢል በእኛ ከቀኑ 6:30 ነው። እንዳለ ስትገለብጡት አንባቢው ማለዳ ይመስለዋል፣ ፎቶው ላይ ግን ጥላው እግር ሥር ገብቷል።

በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱም ይወርዳል፣ የተነሳበት ቀንና ሰዓትም አብሮት አይመጣም። ማስታወሻውን ደግሞ በዚያው ምሽት ጻፉ። ከወር በኋላ የምታስታውሱት ግማሹን ነው፣ ሌላውን ግማሽ ሳታስቡት ትፈጥሩታላችሁ።

«ፎቶውን እልክልዎታለሁ» ብሎ መጥፋትም በጣም ያሳዝነኛል። ሰው ይጠብቃል። ደባርቅ ተመልሼ ለእኒያ እናት ፎቷቸውን አሳጥቤ ወሰድኩላቸው፤ ኮባው ሳይቆረጥ፣ ሙሉውን። ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀና ብለው «ዳቦውንስ አላነሳኸውም ልጄ?» አሉኝ።

አላነሳሁትም ነበር።