የአንዲት ትንሽ አገር ገቢ ሸቀጥ በመግዛት አቅም ተመጣጣኝነት እንዴት ይለካል? የጅቡቲ ምሳሌ

የአንድ አገር ገቢ ንግድ በዶላር ስንት እንደሆነ ከሰንጠረዥ ላይ ይነበባል። በዚያ ዶላር ምን ያህል ስንዴ፣ ናፍጣና ሲሚንቶ እንደገባ ለማወቅ ግን የዋጋ ልዩነትን የሚያርም ስሌት ያስፈልጋል፤ ለዚህም የመግዛት አቅም ተመጣጣኝነትን፣ ማለትም ተመሳሳይ ዕቃ በየአገሩ ስንት እንደሚያወጣ የሚያነጻጽር ስሌትን፣ እንጠቀማለን። ምሳሌዬ ጅቡቲ ናት፤ ፍራንኳ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ177.721 ፍራንክ ለአንድ ዶላር ስለጸና በስሌቱ መሐል የምንዛሪ መዋዠቅ አይገጥመንም።

በመጀመሪያ የሚለካው ነገር ይወሰን። አብዛኛው የኢትዮጵያ ገቢ ዕቃ የሚያልፈው በጅቡቲ ስለሆነ እዚህ ላይ የሚፈጠር ስህተት የቀረውን ሁሉ ያበላሻል። በትራንዚት ሰነድ አልፎ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚራገፍ ኮንቴይነር የኢትዮጵያ ገቢ ዕቃ እንጂ የጅቡቲ አይደለም። በነጻ የንግድ ቀጠና የሚቆይ ዕቃ ግን እንደ አመዘጋገቡ ይለያያል፤ በአጠቃላይ የንግድ ሥርዓት የሚመዘግብ አገር ይቆጥረዋል፣ በልዩ የንግድ ሥርዓት የሚመዘግብ ግን ዕቃው ጉምሩክ አልፎ ወደ አገር ውስጥ ገበያ ካልገባ በቀር አይቆጥረውም። ስለዚህ አኃዙን ከመገልበጥዎ በፊት ከሰንጠረዡ ግርጌ ያለውን ማብራሪያ ያንብቡ።

ቀጥሎ ፍራንኩን ወደ ዶላር ይለውጡ። የጉምሩክ አኃዝ ብዙውን ጊዜ የጭነትና የመድን ወጪን ይጨምራል፤ የክፍያ ሚዛን ሰንጠረዥ ደግሞ ይህን ቀንሶ ዕቃው በተጫነበት ወደብ የነበረውን ዋጋ ይይዛል። ሁለቱን በአንድ ዓምድ አያቀላቅሉ።

አስቸጋሪው ደረጃ የዋጋ ልዩነቱን የምናርምበትን ምጣኔ መምረጥ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬን ስሠራ ለጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት የተዘጋጀውን የመግዛት አቅም ምጣኔ ወስጄ የገቢ ንግዱን በእርሱ አካፈልኩት። ረቂቁን ያዩት አንድ ባልደረባዬ «ይህ ሁሉ ዕቃ በየትኛው መርከብ ገባ?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አላገኘሁም፤ የሦስት ሳምንት ልፋቴንም ከሥር ጀምሬ ደገምኩት።

ያ ምጣኔ የሚሰላው የፀጉር ማስተካከያ፣ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ጭምር ካሉበት የዋጋ ስብስብ ነው። እነዚህ ድንበር አይሻገሩም፤ ዋጋቸው ከአገሬው ደመወዝ ጋር ስለሚሄድም ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች ይረክሳሉ። ስንዴ ግን የሚገዛው በዓለም ገበያ ዋጋ ነው፤ በጅቡቲ ከተማ ፀጉር ማስተካከል መርከሱ የአንድ ቶን ስንዴን ዋጋ አይቀንስም።

ለማሳያ ያህል የዓመቱ ገቢ ንግድ 177.721 ቢሊዮን ፍራንክ ነው እንበል፤ በምንዛሪው ልክ 1 ቢሊዮን ዶላር ይሆናል። የጠቅላላ ምርቱ ምጣኔ 100 ፍራንክ ለዶላር ቢሆን ያው ገንዘብ ወደ 1.78 ቢሊዮን ያብጣል፤ ጭማሪው በወደቡ ያልተራገፈ ዕቃ ነው። የገቢ ሸቀጡ የዋጋ ደረጃ፣ የአሜሪካ ዋጋ 1 ሲባል፣ 0.9 ከሆነ ግን 1 ቢሊዮኑ ለ0.9 ተካፍሎ ውጤቱ 1.11 ቢሊዮን ነው። የዓለም አቀፉ የዋጋ ንጽጽር ፕሮግራም እንኳ ለወጪና ገቢ ንግድ ልዩነት የሚጠቀመው የምንዛሪ ተመኑን እንጂ የጠቅላላ ምርቱን ምጣኔ አይደለም።

የገቢ ሸቀጥን የዋጋ ደረጃ ለብቻው የሚሰጥ፣ እኔም ከሁሉ አስበልጬ የምመርጠው መረጃ የአገሮችን ምርትና ዋጋ የሚያነጻጽረው ፔን ወርልድ ቴብል የተባለው የመረጃ ስብስብ ነው። 10.01ኛው ዕትም ከ1950 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ 183 አገሮችን ይዟል። «ፒ-ኤል-ኤም» (pl_m) በተባለው ዓምድ የሚገኘው የዋጋ ደረጃ የአሜሪካ የ2017 ዋጋ 1 ተደርጎ የተቀመጠ ስለሆነ፣ የዶላሩን መጠን ለእርሱ ሲያካፍሉ ውጤቱ በ2017 ዶላር ይወጣል።

ለማመሳከር «ሲ-ጂ-ዲ-ፒ-ኦ» (cgdpo) የተባለውን የጠቅላላ ምርት መጠን «ሲ-ኤስ-ኤች-ኤም» (csh_m) በተባለው የገቢ ሸቀጥ ድርሻ ያባዙ። ድርሻው የመቀነስ ምልክት አለው፤ ገቢ ንግድ ከምርት ስለሚቀነስ ነው እንጂ የመረጃ ስህተት አይደለምና ረድፉን እንዳይሰርዙት። ሁለቱ ውጤቶች በጣም ከተራራቁ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ትራንዚቱ ነው።

በትንሽ አገር የአንድ ወደብ ወይም የባቡር መስመር ግንባታ ዕቃ ብቻውን የዓመቱን አኃዝ ስለሚያንረው፣ የሦስት ዓመት አማካይ ከአንድ ዓመት ቁጥር ይበልጥ ይታመናል። አማካዩ የሚወሰደው ግን የየዓመቱ መጠን ለራሱ ዓመት የዋጋ ደረጃ ከተካፈለ በኋላ ነው።