የጀማሪ ካራክተር እጅ ላይ ትልቅ አስማት ሲገባ፦ ችግርና መፍትሄ

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሰው አንድ ካራክተር (ገጸ ባሕርይ) ሆኖ በዳይስ የሚጫወተውን የተረት ጨዋታ፣ ጓደኞቼን ማጫወት የጀመርኩ ሰሞን፣ አንደኛ ሌቭል ላይ ላለ ዊዛርድ (አስማተኛ) ፋየርቦል የሚባለውን የሚፈነዳ የእሳት ኳስ የሚተኩስ ዘንግ ሰጠሁት። ደስ ይበለው ብዬ ነው። ደስም አለው። ጨዋታው ግን በሁለተኛው ሳምንት ተበላሸ። እናንተም ዲኤም (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) ሆናችሁ እዚህ ጣጣ ውስጥ ከገባችሁ፣ ምልክቱን አይታችሁ ወደ መንስኤው ሂዱ። ቁጥሮቹ የጨዋታው መጽሐፍ የ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) አምስተኛ እትም ናቸው።

ምልክት፦ ውጊያው ሳይጀመር ያልቃል

ማታ ቁጭ ብላችሁ ያዘጋጃችሁት የጎብሊን (የትንንሽ ጭራቆች) ሽምቅ በአንድ ተራ አመድ ይሆናል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ጎብሊን 7 ሂት ፖይንት (የነፍስ ነጥብ) አለው። ፋየርቦል 8 ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ያስጥላል፣ አማካዩ 28። ጎብሊኑ ቀልጥፎ ግማሹን ቢያመልጥ እንኳ 14 ያገኘዋል። ሁለቴ ይሞታል ማለት ነው።

ጉልበቱ ብቻ ግን አይደለም ጉዱ። ዊዛርድ በራሱ ፋየርቦል የሚያገኘው አምስተኛ ሌቭል ሲደርስ ነው፤ ያኔም ለዚህ የሚሆን ሁለት ስሎት (አስማቱን የመወርወሪያ ዕድል) ብቻ አለው። ዘንጉ ደግሞ 7 ቻርጅ (የመተኮሻ ጉልበት) ይይዛል፣ በየማለዳው ከ2 እስከ 7 ይመለስለታል። እኔ ያየሁት የአስማቱን ስም እንጂ ስንት ጊዜ እንደሚተኮስ አልነበረም።

መፍትሄው ቁጥሩን መቁረጥ ነው። 3 ቻርጅ ይኑረው፣ አይሙላ፤ ሲያልቅ ተራ እንጨት ይሁን። ገና ካልሰጣችሁ ደግሞ በዘንጉ ፋንታ አስማቱ የተጻፈበት ጥቅልል ስጡ። ጥቅልል አንዴ ተነቦ ያልቃል። አቅሙን የሚያልፍ አስማት ከሆነም አንባቢው ዳይስ ይጥላል፤ ለፋየርቦል 13 መድረስ አለበት። ኢንተለጀንሱ (የብልህነት ነጥቡ) 16 የሆነ ዊዛርድ 3 ስለሚጨመርለት፣ በባለ 20 ገጹ ዳይስ ላይ 10 ወይም ከዚያ በላይ ይበቃዋል። 55 በመቶ ዕድል። ዳይሱ ሲንከባለል ሁሉም ከወንበሩ ብድግ ይላል።

ዘንጉ አስቀድሞ ከተሰጠስ? ቦታውን ቀይሩ። ፋየርቦል ከመሃሉ በየአቅጣጫው 20 ጫማ ይሸፍናል፣ ወዳጅና ጠላት አይለይም፣ ማንም ያልያዘውን ተቀጣጣይ ነገርም ያነዳል። እኔ ጎብሊኖቹን ጭድ የሞላበት ጋጣ ውስጥ ከተትኳቸው። ሲፈለግ የከረመው ካርታ መሃላቸው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ልጁ ዘንጉን አወጣ፣ ካርታውን አየ፣ ዘንጉን መልሶ ወገቡ ላይ ሻጠው። "ኧረ በናትህ!" አለኝ።

ምልክት፦ ሌሎቹ ስልክ መነካካት ጀመሩ

አንዱ ጀግና፣ የቀረው ተመልካች ሆኗል። ፋይተሩ (ተዋጊው) ሰይፉን እስኪመዝ ጠላት የለም። እዚህ ጋ ብዙ ዲኤም ለሁሉም አንዳንድ ትልቅ ዕቃ ያድላል። ባታደርጉት ይሻላል። እነሱን ለመመከት ጭራቆቹን ታጠነክራላችሁ፤ ከዚያ 10 ሂት ፖይንት ያለው ምስኪን በአንድ ምት ይዘረራል። ዕቃው ምታቸውን እንጂ ነፍሳቸውን አላጠነከረማ። ይልቅ አስማቱ ሁለት ሰው ይፈልግ፦ ዘንጉ ዊዛርዱ ጋ ይሁን፣ ማስነሻ ቃሉን ግን የምታውቀው ክለሪኳ (የአምላክ አገልጋይዋ ካራክተር) ትሁን።

ምልክት፦ ገደልም ግንብም ቀልድ ሆነ

መንስኤው ተቀምጠውበት የሚበሩበት የአስማት መጥረጊያ ነው። መጽሐፉ አንኮመን (ብዙም ያልተለመደ) ስለሚለው ለጀማሪም ይፈቀዳል፣ ግን በአንድ ተራ 50 ጫማ ይበራል። የብርቅነት ደረጃውን ብቻ አትመኑ። መፍትሄው ማስበረር ነው፤ ተሻግሮ ብቻውን ይቁም፣ ጓደኞቹ ማዶ ይቅሩ። ቀስተኛ ጎብሊን አየር ላይ ራሱን ካሳተው ደግሞ ከ50 ጫማ መውደቅ 5 ዳይስ ጉዳት ነው።

ያጠፋችሁትን ለማረም ብላችሁ ግን "ሌሊት ሌባ ወሰደው" አትበሉ። ሰጥቶ መንሳት ቂም ያመጣል። እኔ በግልጽ "ጎበዝ፣ አብዝቼዋለሁ፣ እንቀንሰው?" አልኩት። ትንሽ አኮረፈ፣ ከዚያ በ3 ቻርጅ ተስማማን። ሁለቱን ቶሎ ጨረሳቸው። አሁን ስድስተኛ ሌቭል ነው፣ ፋየርቦል በራሱ ይወረውራል። ያቺ አንዷ ቻርጅ ግን "ለዘንዶው" ተብላ እስካሁን ወገቡ ላይ አለች።