ቡስተር ተገጥሞለትም የሚዘገይ፣ የሚዋልል ኮንትሮል ቫልቭ፦ ችግርና መፍትሄ

ኮምፕሬሰሩ መሥራቱን፣ የአየር መስመሩ መከፈቱን፣ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፒር ያለው ትእዛዝ ፖዚሽነሩ (ትእዛዙን ተቀብሎ ቫልቩን የታዘዘበት ቦታ የሚያደርሰው መሣሪያ) ጋ መድረሱን አይታችኋል ብዬ ልጀምር። በፖዚሽነሩና በአክቹዌተሩ (በአየር ግፊት ቫልቩን በሚያንቀሳቅሰው ክፍል) መሃል ቡስተር ለምን እንደሚገጠምም ታውቃላችሁ፤ ፖዚሽነሩ ብቻውን ትልቅ አክቹዌተርን ቶሎ ሞልቶ ቶሎ ማስተንፈስ ስለማይችል ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር፦ ቡስተር አየር አይፈጥርም። በብዛት የምናገኘው ዓይነት ግፊትም አይጨምርም፤ ፖዚሽነሩ 2 ባር ካዘዘው እሱም የሚያወጣው 2 ባር ነው። የሚያሳድገው በአንድ ጊዜ የሚያልፈውን የአየር መጠን ነው። ያንን አየር ከኋላው ካላገኘ ከየትም አያመጣውም። «ተበላሸ» ተብለው ወርክሾፕ ከመጡልኝ ቡስተሮች አብዛኞቹ ደህና ነበሩ።

ቫልቩ እንደ ድሮው ይጎተታል

ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይሄ ነው። መንስኤውም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ ቡስተሩ አየር ተርቧል።

አንድ ስኳር ፋብሪካ ውስጥ እንፋሎቱን ከተርባይኑ ውጭ የሚያሳልፍ ቫልቭ ነበረን። ተርባይኑ ድንገት ሲቆም እንፋሎቱ መሄጃ ያጣል፤ የቦይለሩ ግፊት ይወጣና ሴፍቲ ቫልቩ ይጮኻል። ወዲያ ማዶ ደግሞ ጭማቂውን የሚያተኑት ኢቫፖሬተሮች እንፋሎት ይቋረጥባቸዋል። ስለዚህ ይህ ቫልቭ በ3 ሰከንድ ውስጥ መከፈት ነበረበት፤ የኛው 11 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ቡስተር ተቀየረ፤ 11 ሰከንድ። ሁለተኛ ተቀየረ፤ አሁንም 11። በሦስተኛው ቀን አብሮኝ የሚሠራው ልጅ መጣና «ጋሼ፣ ይሄኛውም ሞቷል፣ ከመጋዘን ሌላ ላውጣ?» አለኝ። «ተወው፣ ጌጅና ቲ ይዘህ ና» አልኩት፤ የግፊት መለኪያና ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ ማለቴ ነው።

ጌጁን ቡስተሩ አየር የሚቀበልበት አፍ ላይ አሰርነው። ቆሞ ሲታይ 4 ባር፣ ምንም እንከን የለውም። መቆጣጠሪያ ክፍሉን ከ25 በመቶ ወደ 75 በመቶ በአንዴ እንዲያዝዙልን ጠየቅን። መርፌዋ ወርዳ 1.5 ላይ ተንጠለጠለች፤ ቫልቩ እየተጎተተ ወጣ፤ እሷም ቀስ እያለች ወደ 4 ተመለሰች። ልጁ ዝም ብሎ ሲያያት ቆየ። ቡስተሩን ይመግብ የነበረው የ6 ሚሊሜትር ቱቦና ለፖዚሽነር ብቻ የተሠራች ትንሽ ፊልተር ሬጉሌተር (አየሩን የምታጣራና ግፊቱን የምትወስን) ነበሩ።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቫልቩ በቆመበት ጌጅ አይቶ «አየር አለ» ይላል። አየር በማይፈስበት መስመር ላይ ጌጁ ምንጊዜም ሙሉ ነው፤ የመርፌ ቀዳዳ በምታክል ቱቦ ጫፍም ሙሉ ያሳያል። መታየት ያለበት ቫልቩ በሚሮጥባት ቅጽበት ነው።

መስመሩን በግማሽ ኢንች ቧንቧ፣ ሬጉሌተሩንም በትልቅ ቀየርናቸው፤ 3 ሰከንድ ሆነ። በዚህ ጊዜ መርፌዋ የወረደችው እስከ 3.6 ብቻ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የ6 ሚሊሜትር ቱቦ ውስጡ 4 ሚሊሜትር ነው፤ የግማሽ ኢንች ቧንቧ ውስጡ ወደ 16 ሚሊሜትር ይጠጋል። የአፉ ስፋት 15 እጥፍ ገደማ ይበልጣል ማለት ነው። «ሞተዋል» የተባሉትን ቡስተሮች ስንፈትሻቸው ሁለቱም ጤነኞች ነበሩ።

መስመሩን ካሰፋችሁ በኋላም ካልፈጠነ ወደ ፊት ተመልከቱ። ቡስተሩ ግማሽ ኢንች ሆኖ አክቹዌተሩ ላይ የሚገባው በሩብ ኢንች ሪዲውሰር (ማጥበቢያ) ከሆነ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ሶሌኖይድም (በኤሌክትሪክ የምትሠራ የአየር ቫልቭ) እንዲሁ። አንድ ቦታ ቀዳዳዋ ጠባብ የሆነች ሶሌኖይድ ከቡስተሩና ከአክቹዌተሩ መሃል ተገጥማ አግኝቻለሁ፤ ውድ የሆነ ቡስተር በሷ ጉሮሮ ይተነፍስ ነበር። ትንሽ ሶሌኖይድ ቦታዋ ከፖዚሽነሩ በኋላ፣ ከቡስተሩ በፊት፣ በሲግናሉ መስመር ላይ ነው፤ እሷ ሲግናሉን ስትለቀው ቡስተሩ ብዙውን አየር በራሱ በኩል ያስወጣል። ከቡስተሩ በኋላ መሆን ግድ ከሆነ የማሳለፍ አቅሟ ከቡስተሩ የማያንስ ይሁን። ኮምፕሬሰሩ ሩቅ ከሆነ ደግሞ ቫልቩ አጠገብ ትንሽ የአየር ታንክ ከቼክ ቫልቭ (አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ ከሚያግድ ቫልቭ) ጋር አስቀምጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቫልቩ ዘገየ ብላችሁ የሬጉሌተሩን ግፊት አትጨምሩ። ይህን የሚያደርጉ ብዙ ናቸው፤ ቢነገራቸውም አይሰሙም። የዲያፍራም (አየሩ የሚገፋው የጎማ ሽፋን ያለው) አክቹዌተር ቆብ የሚችለው ግፊት ሰሌዳው ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ ማለፍ ሰው ያስጎዳል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ በሙከራ ጊዜ እጃችሁን ከስቴሙ (አክቹዌተሩን ከቫልቩ ከሚያገናኘው ዘንግ) አርቁ። ቡስተር ያለው ቫልቭ ቀስ ብሎ አይጀምርም። አንድ ባልደረባዬ ጠቋሚውን ሊያስተካክል ሲል የአውራ ጣቱ ጥፍር ተነቅሏል፤ ከመቆጣጠሪያ ክፍል ጋር ሳይነጋገር ነበር የገባው።

ቫልቩ ይዋልላል፣ አንድ ቦታ አይረጋም

ቡስተሩ ጎን ላይ የባይፓስ ብሎን አለ። ጥቃቅን ለውጦች በባይፓሱ አልፈው ቡስተሩን ሳይቀሰቅሱ አክቹዌተሩ ጋ እንዲደርሱ ነው የተሠራው። አንድ ሰው «ይፍጠን» ብሎ ጥርቅም አድርጎ ከዘጋው ቡስተሩ ለ1 በመቶ ለውጥም ሙሉ ጉልበቱን ይለቃል፤ ቫልቩ ከታዘዘበት ያልፋል፣ ፖዚሽነሩ ይመልሰዋል፣ እንደገና ያልፋል። ፓኪንጉም (በስቴሙ ዙሪያ ፍሳሽ የሚከለክለው ማሸጊያ) ቶሎ ያልቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዳዶውን አላልታችሁ ብሎኑን እስኪቀመጥ ድረስ በቀስታ ዝጉት፤ ከዚያ 4 ዙር ያህል ክፈቱት። ጆሯችሁን ወደ ማስተንፈሻው (ቡስተሩ አየር ወደ ውጭ ወደሚያስወጣበት አፍ) አድርጉ። ቫልቩ አየር ወደሚያስወጣበት አቅጣጫ ትልቅ ትእዛዝ ሲሰጥ «ፏ» የሚል ድምፅ ካልሰማችሁ ቡስተሩ አልተነሳም፤ ሩብ ዙር እየዘጋችሁ ሞክሩ። ትልቁ ትእዛዝ ላይ ፏ ብሎ፣ የ1 ወይም የ2 በመቶዋ ላይ ዝም ሲል ዳዶውን እሰሩት። ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁት አትሂዱ። ፖዚሽነሩንም እንደገና ቲዩን አድርጉት፤ ቡስተር ሳይኖር የተያዘው ቅንብር ቡስተር ሲገባ አይሆንም።

ባለ ሁለት አቅጣጫ ፒስተን (በሁለቱም በኩል አየር የሚገፋው አክቹዌተር) ላይ ሁለቱን ቡስተሮች እኩል አስተካክሉ። ትንሽ አክቹዌተር ላይ ቡስተሩ ብዙ ጊዜ ምንም ብታደርጉት አይረጋም፤ አውጡት።

ማስተንፈሻው ያለማቋረጥ ይነፋል

የቡስተሩ መቀመጫ (ውስጡ ያለው መዝጊያ የሚያርፍበት ቦታ) ላይ ቆሻሻ አለ። ከ10 ጊዜ 8ቱን ያገኘሁት የቴፍሎን ቁራጭ ነው። እባካችሁ ቴፍሎን ስትጠቀልሉ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥርሶች ባዶ ተዉ! አዲስ ቧንቧ ስትዘረጉም ቡስተሩን ከማሰራችሁ በፊት መስመሩን አየር ልቀቁበትና ንፉት። ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ቅርፊት እየጣለ መቀመጫ ይበላል፤ ርካሽ ነው ብሎ የሚገዛው ክፍል መለዋወጫ እየገዛ ይከፍለዋል። ለኢንስትሩመንት አየር የወጣው የኢሳ (የዓለም አቀፉ የአውቶሜሽን ማኅበር) ደረጃ ከ40 ማይክሮን የሚበልጥ ቅንጣት አይፈቅድም፤ የፊልተሩን ውሃ በየፈረቃው አፍስሱ። አጽድታችሁትም ከነፋ ዲያፍራሙን እዩት፤ ተቀዷል።

በፍጥነት ይከፈታል፣ ሲዘጋ ይጎተታል (ወይም በተቃራኒው)

ሳይለንሰሩ (ማስተንፈሻው ላይ ያለው ድምፅ ማፈኛ) ተደፍኗል። ፈትታችሁ ሞክሩት፤ ከፈጠነ አግኝታችሁታል። አቧራ በበዛበት ቦታ፣ በተለይ ሲሚንቶና ባጋስ (የተጨመቀ ሸንኮራ አገዳ ገለባ) ባለበት፣ በየጥቂት ወሩ ይታጠብ። ሳይለንሰር የሌለው ማስተንፈሻ ላይ ተርብ በጭቃ ጎጆ ይሠራል፤ አፉን ወደ ታች አዙሩና ወንፊት አድርጉለት። በቡስተር ፈንታ ክዊክ ኤግዞስት (አየሩን በአንዴ የሚለቅ ቫልቭ) የገጠመ ካለ ደግሞ አውጡት፤ እሱ ለሙሉ ክፍትና ለሙሉ ዝግ ቫልቭ እንጂ መሃል ላይ ለሚቆም ቫልቭ አይሆንም።