ልጁ ጓዙን ከመሸከፉ በፊት

በጎጃም ገጠር ልጅ ከቤት የሚወጣው ብዙ ጊዜ ሳይናገር ነው። ሲነጋ መደቡ ባዶ ይገኛል፤ መተማ ይሂድ አዲስ አበባ የሚታወቀው ጓደኞቹ ተጠይቀው ነው። መምህር፣ ጎረቤት ወይም አክስት ሊረዳ የሚችለው ከዚያች ሌሊት በፊት ባሉት ሳምንታት ነው።

ዓይናችሁ የሚያርፈው ትምህርት ያቋረጠ ወይም ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት፣ ወላጅ የሞተበት፣ ሚኒስትሪ ያልቀናው ልጅ ላይ ይሁን፤ ከሴቶቹ ደግሞ ሽማግሌ የተላከባት ላይ። ወቅቱም የታወቀ ነው፦ ክረምት ላይ በመተማና ሁመራ ቆላ የሰሊጥ አረም፣ ከመስቀል በኋላ አጨዳው፣ ጥር ሲቃረብ ሠርግ። በጉን ወይም ዶሮዎቹን በርካሽ የሚሸጥ፣ ስልክ ሲደወልለት ከቤት ወጥቶ የሚያናግር፣ በድንገት ትራንስክሪፕት የሚጠይቅ ልጅ ልቡ ተነሥቷል።

«እንዳትሄድ!» ብላችሁ አትጀምሩ። ልጁ ዝም ይላል፤ ደላላውም የሚፈልገው ዝምታውን ነው። ይልቅ ለብቻው፣ ከብት ሲጠብቅ ወይም ከገበያ ስትመለሱ ጠይቁት፦ የመጀመሪያዋን ሌሊት የት ታድራለህ? ደመወዙን የሚቀበለው ማነው? የመንገዱን ማን ከፈለ? መልሱ ሁሉ «ደላላው ያውቃል» ከሆነ ነገሩ ተበላሽቷል። በተለይ «ስትደርስ ትከፍላለህ» የሚባለው ጉዞ ቸርነት ሳይሆን ዕዳ ነው። ወደ ሱዳንና ሊቢያ በሚወስደው መንገድ ልጁ ይታገታል፣ ቤተሰብ በሬውን ሸጦ የማስለቀቂያ ገንዘብ እንዲልክ ይደወልለታል።

ሕጉንም በቀላሉ ንገሩት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ለውጭ አገር ሥራ ደግሞ 18 መሙላት ያስፈልጋል፤ በሕጋዊ መንገድ ሲኬድ ቪዛውንና የአውሮፕላን ቲኬቱን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ዕድሜ ጨምሮ መታወቂያ «አወጣልሻለሁ» የሚል ሰው ከመጀመሪያው እያታለለ ነው።

ከጋብቻ ልትሸሽ ያሰበች ልጅ ጉዳይ ጥንቃቄው ይበዛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማደሪያዋ ሳይዘጋጅ ነገሩን ይፋ በማውጣት ነው፤ ያኔ ሠርጉ ቀኑ ይቀደማል፣ ወይም ሌላ ቀበሌ ተወስዶ በሌሊት ይፈጸማል። በቅድሚያ የምታምናት ዘመድ ቤት ትረፍ፤ ከዚያ ለርእሰ መምህሩ፣ ለወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ይነገር። ወላጆቿን የምታናግሩት ከዚህ በኋላ ነው፤ የነፍስ አባታቸው ቢጨመሩበት ደግሞ ይሰማሉ።

16 ወይም 17 ዓመት የሆነው ልጅ ምንም ቢባል ሊሄድ ይችላል። ይህን ያህል አዘጋጁት፦

ሁለት ስልክ ቁጥር በቃሉ ይያዝ። ቀፎ ይሰረቃል፣ ይቀማል። ሦስት ቀን እየደጋገማችሁ አስቆጥሩት፤ በወረቀትም ጽፋችሁ ከኮቱ ጠርዝ ውስጥ ስፉለት።

የመመለሻ ገንዘብ ከሌላው ተለይቶ በሱሪው ውስጠኛ ኪስ፣ ለሴት ልጅ በመቀነቷ ይቋጠር። የልደት የምስክር ወረቀቱ ኮፒው ይሂድ፣ ዋናው ቤት ይቅር።

ምስጢራዊ ቃል ተስማሙ። ልጁ አሠሪው ወይም ደላላው አጠገቡ ቆሞበት ሲደውል ችግሩን መናገር አይችልም። «ቦራው በሬ እንዴት ነው?» ብሎ ከጠየቀ፣ ቦራ የሚባል በሬ በቤቱ ከሌለ፣ ተይዣለሁ ማለቱ ነው። እናንተም «ደህና ነው፣ የት ሆነህ ነው?» በሉት እንጂ አትደንግጡ።

አዲስ አበባ የሚሄድ የማለዳውን አውቶቡስ ይያዝ። ማታ አውቶቡስ ተራ የሚወርድ የገጠር ልጅ «ማደሪያ ላሳይህ» የሚለው አያጣም። የተሳፈረበትን መኪና ታርጋ ቁጥር፣ የደላላውን ስምና ስልክ፣ የልጁን የቅርብ ጊዜ ፎቶ ጎረቤት ዘንድ አስቀምጡ።

መተማና ሁመራ ለሚወርድ አጎበር ግዴታ ነው። ወባ ደገኛውን ክፉኛ ይጥለዋል። ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ በተሰነጣጠቀ ዋልካ አፈርና በግራር አካባቢ ትበዛለች፤ ሠራተኛው ደግሞ የሚተኛው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ከተመለሰ በኋላ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከሳ፣ በግራ ጎኑ ሆዱ ካበጠ፣ ለሐኪሙ «ቆላ ነበርኩ» ይበል። ይህን ካልተናገረ የደጋ ጤና ጣቢያ ካላዛርን ላያስብ ይችላል፤ ያልታከመ ካላዛር ደግሞ ይገድላል።

ሊደውል በተስማማችሁበት ቀን ካልደወለና በማግስቱም ስልኩ ከተዘጋ ፎቶውንና ታርጋውን ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። ደላላው «ኔትወርክ ነው» ቢላችሁም ሂዱ።