ዴብ ፓኬጅ ስትሠሩ የምትሳሳቱት (እኔም የተሳሳትኩት)

ዴብ ማለት እንደ ኡቡንቱ ባሉ ሊኑክሶች ላይ የሚጫን፣ ተጠቅልሎ የተዘጋጀ ፕሮግራም ነው። ደሴ ውስጥ ሊኑክስ የሚነካኩ ልጆች ላፕቶፕ ይዘው ይመጡብኛል። ብዙ ጊዜ ስክሪኑን ሳላይ ጥፋቱን አውቀዋለሁ።

«ሱዶ ሜክ ኢንስቶል ብላችኋል አይደል?»

ብለዋል። ፕሮግራሙን ያለ ፓኬጅ በቀጥታ ሲስተሙ ላይ የሚገለብጥ ትእዛዝ ነው። ፋይሎቹ ዩኤስአር ሎካል በሚባለው ፎልደር ሥር ተበትነዋል። ፓኬጅ የሚጭነውና የሚመዘግበው ዲፒኬጂ ስለእነሱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ስለዚህ ፓኬጅ አውራጁና አዘማኙ አፕት አያዘምናቸውም፣ አያጠፋቸውም። ከወራት በኋላ ሲስተሙ ይታደሳል። ኡቡንቱ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ) ሲፈልግ ግን ዩኤስአር ሎካልን ያስቀድማልና ያችኑ ያረጀችውን ያነሳል። ፕሮግራሙ ይወድቃል፣ ልጁ ኡቡንቱን ይራገማል። ኧረ በፈጠራችሁ! ለራሳችሁ ብቻ ከሆነ ሜክ ኢንስቶሉን ወደ ዴብ የሚቀይር ቼክኢንስቶል አለላችሁ፤ ቢያንስ በአንድ ትእዛዝ ይነቀላል። እሱ የሠራውን ዴብ ግን ለሰው አትስጡ፤ ዲፔንደንሲ (ፕሮግራሙ እንዲሠራ የሚያስፈልጉትን ሌሎች ፓኬጆች) ፈልጎ አይጽፍም።

ዲፔንደንሲ በግምት መጻፍ። ይሄ የራሴ ጉድ ነው። ኮምቦልቻ ላለ አንድ የትምህርት ቤት ላብ ፓኬጅ ሠራሁ። ፎልደሩን በእጄ አደራጀሁ፣ ኮንትሮል ፋይሉን (የፓኬጁን ስም፣ ቨርዥንና ዲፔንደንሲ የያዘውን) ጻፍኩ፣ በዲፒኬጂ-ዴብ ጠቀለልኩት። ፍላሼን ኪሴ ከትቼ ሐረጎን ወረድኩ። ሲጫን ምንም አላለም። ስከፍተው «ጂሊብሲ 2.38 አልተገኘም» አለኝ። ጂሊብሲ አብዛኛው ፕሮግራም የሚደገፍበት መሠረታዊ ላይብረሪ ነው። የእኔ ላፕቶፕ ኡቡንቱ 24.04፣ የላቡ ማሽኖች 20.04፤ እነሱ ያላቸው 2.31 ነው። ኢንተርኔት የለም። ላቡን የሚጠብቁት ጋሼ «አብሽር» ብለው ቡና አስፈሉልኝ። እስከ በረካው ድረስ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ዴብ መሥሪያ በሆነው ደብሄልፐር ብሠራው ኖሮ፣ እሱ የሚጠራው ዲፒኬጂ-ሺሊብዴፕስ ባይነሪውን (ተገንብቶ ያለቀውን ፕሮግራም) አንብቦ የሚፈልገውን የጂሊብሲ ቨርዥን ይጽፍልኝ ነበር። ፓኬጁም ገና ሲጫን እምቢ ይለኝ ነበር። ፓኬጅን በተለየ ሲስተም ውስጥ በሚገነባው ኤስቢዩልድ፣ ንጹሕ 20.04 ውስጥ ብገነባው ደግሞ ጣጣው ራሱ አይመጣም።

በእጅ መሥራት ይቅር እያልኩ አይደለም። አንድ ዴብ ወስዳችሁ ኤአር በሚባለው ትእዛዝ ፍቱት። ሦስት ነገር ታገኛላችሁ፦ ዴቢያን-ባይነሪ (የፎርማቱ ቁጥር)፣ የኮንትሮል ታር (ስለ ፓኬጁ መረጃ) እና የዳታ ታር (የሚጫኑት ፋይሎች)። ይህን ያየ ሰው ደብሄልፐር ሲያኮርፍበት አይደናገርም።

የፓኬጅ ስህተት የሚለቅመውን ሊንቲያንን ሳታስሮጡ ደግሞ ምንም አትላኩልኝ።

የቨርዥን ቁጥር፦ ለዲፒኬጂ 1.0አርሲ1 (ከዋናው በፊት የሚወጣው የሙከራ ቨርዥን) ከ1.0 ይበልጣል። ከአርሲው በፊት ቲልድ (~) ካልገባ፣ ዋናው 1.0 ሲወጣ አፕት ዞር ብሎም አያየውም። አንዱ ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ ኔትወርኩን ሲወቅስ ነበር።