መውጫውን ይዞ መግባት

ወደ ሙስሊም አገር አዲስ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ልብስ ነው። ፀጉር መሸፈን ግድ ነው? ቁምጣ ያስቀጣል? ደህና ጥያቄዎች ናቸው፤ እመለስባቸዋለሁ። ግን የልብስ ነገር በሳምንት ይለመዳል። መንግሥቱ ባልረጋ፣ ሃይማኖቱን አጥብቆ በሚይዝ የሙስሊም አገር ሊኖር የሚሄድ ሰው መጀመሪያ መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። አንድ ጠዋት ነገር ቢገለባበጥ በምን ወረቀት፣ በየት በኩል፣ በማን እርዳታ እወጣለሁ?

ካርቱምን አስቡ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023፣ ቅዳሜ ጠዋት። ረመዳን ሊያልቅ ሳምንት አልቀረውም። ተኩስ ተከፈተ፤ አውሮፕላን ማረፊያው በዚያው ቀን ተዘጋ። ትኬት የነበረው ሰው ትኬቱን ታቅፎ ቀረ። ብዙ ሰው የወጣው በየብስ ነው፤ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ ግብፅ ድንበር፣ ወደ መተማ። የየመን ዋና ከተማ የሰንዓ አውሮፕላን ማረፊያም እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2022 መደበኛ የመንገደኛ በረራ አልነበረውም። ስለዚህ ትኬት ብቻውን መውጫ አይባልም። ቅርብ ያለውን የየብስ ድንበር እወቁ። ጎረቤት አገሩ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ይጠይቅ እንደሆነም ዛሬውኑ አጣሩ።

ፓስፖርት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነውና። በካርቱም ለቪዛ ብለው ፓስፖርታቸውን ለምዕራባውያን ኤምባሲዎች አስረክበው የነበሩ ሱዳናውያን ነበሩ። ዲፕሎማቶቹ ተጣድፈው ሲወጡ ፓስፖርቱ እዚያው ተቆልፎበት ቀረ። እኔም ባንድ ወቅት ፓስፖርቴ ለወራት በመሥሪያ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ነበር። "እኛ ጋ ይሻላል፣ አይጠፋም" ብለውኝ ነው። አልጠፋም፤ እውነታቸውን ነው። ግን ከተማው የታመሰ ዕለት ቢሮው ዝግ ነበር፤ የመሳቢያው ቁልፍ ደግሞ ከተማ ውስጥ በሌለ ሰው ኪስ ነበር። ለመኖሪያ ፈቃድ ካልሆነ በቀር ፓስፖርታችሁን ለማንም አትስጡ። ለዚያም ሲሆን የተረከቡበትን ደረሰኝ ያዙ፤ ቀኑን ቁጠሩ። ቅጂውን አንድ በስልክ፣ አንድ በኢሜይል፣ አንድ በወረቀት አስቀምጡ።

የስም ነገርም አለ። የእኛ ስም ከአባትና ከአያት ጋር ነው የሚሄደው፤ ቅጹ ግን የቤተሰብ ስም ይላችኋል። አንዱ ጸሐፊ የአያታችሁን ስም ሲጥል ሌላው የአባታችሁን ስም ያስቀድማል። ቪዛው፣ ትኬቱና መኖሪያ ፈቃዱ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠሙን ሲሰጧችሁ ዓይታችሁ ተረከቡ። ድንበር ላይ ወታደር ፊት ቆሞ ስለ አያት ስም ማስረዳት አድካሚ ነው።

በአሠሪ ስም በሚሰጥ ቪዛ የምትሄዱ ደግሞ ያለ አሠሪው ፈቃድ ከአገሩ መውጣት ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለቤት ሥራና ለመሳሰለው የምትሄዱ፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ስምሪቱን የፈቀደው ኢትዮጵያ ስምምነት ወደፈረመችባቸው አገሮች ነበር። ደላላው "እዚያ ስትደርሺ ይስተካከላል" ካለሽ፣ አይስተካከልም።

ገንዘብ። ባንክ ያለበት አገር ሁሉ ገንዘባችሁን ይሰጣችኋል ማለት አይደለም። በማዕቀብ ምክንያት ኢራን ውስጥ የውጭ የባንክ ካርድ አይሠራም። አፍጋኒስታን ውስጥ ካቡል በኦገስት 2021 ከወደቀች በኋላ ከባንክ ማውጣት የሚቻለው በሳምንት 200 ዶላር ብቻ ሆኖ ነበር። ንጹሕ፣ ያልተቀደደ፣ ያልተጻፈበት ዶላር ያዙ። አንድ ቦታ አታስቀምጡት። ኢንሹራንስ ከገዛችሁም ጦርነትን የሚመለከተውን አንቀጽ ፈልጋችሁ አንብቡ፤ አብዛኛው ውል ጦርነትን አይሸፍንም።

አሁን የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ፤ ያኔ ግን አላሳቀኝም። ሰዓት እላፊ ታውጆ "ከስምንት በኋላ መውጣት የለም" ተባልኩ። በእኛ አቆጣጠር ሌሊቱ ስምንት ሰዓት መሰለኝ። ቀኑን ሙሉ የእነሱን ሰዓት ስቆጥር ውዬ፣ ድንጋጤ ሲመጣ ጭንቅላቴ ወደ አገሩ ተመለሰ። የእነሱ ስምንት ለእኛ ምሽት ሁለት ሰዓት ነው። በእኛ ምሽት አራት ሰዓት ላይ ዘና ብዬ ስሄድ ኬላ ላይ ጠመንጃ ተደቀነብኝ። በተሰባበረ ዓረብኛ አስረዳሁ። ወታደሩ ሳቀ፤ እንኳንም ሳቀ። ስልካችሁን በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጉት።

ኬላ ላይ ስልክም ይፈተሻል። የወታደር፣ የድልድይ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ፎቶ አታንሱ፤ ሳታስፈቅዱ ሴቶችንም አታንሱ። የአገሩን ፖለቲካ ፌስቡክ ላይ አትተንትኑ። በሃይማኖት ላይ መቀለድ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ፤ በፓኪስታን ሕግ ነቢዩን መስደብ እስከ ሞት ያስቀጣል። አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰልፍ የሚወጣበት አገር ብዙ ነው፤ በዚያ ሰዓት አደባባይ አካባቢ ጉዳይ አይኑራችሁ።

ሻንጣ ውስጥ መጠጥ አይግባ። መድኃኒትም በሐኪም ወረቀትና በፋብሪካ ማሸጊያው ይሁን፤ ትራማዶልና ኮዴይን ያለበት የሕመም ማስታገሻ በብዙ አገር ያሳስራል። ጫት ሰንዓ ገበያ ላይ በግልጽ ይሸጣል፤ ድንበሩን ተሻግሮ ሳውዲ ሲገባ ግን አደንዛዥ ዕፅ ነው። "እነሱም እኮ ይቅማሉ" የሚለው መከራከሪያ የትም አያደርስም።

ልብሱ ጋ ደረስን። በኢራንና በአፍጋኒስታን ፀጉር መሸፈን ለውጭ ሴትም በሕግ ግዴታ ነው። በኢራቅና በፓኪስታን ሕጉ አያስገድድም፤ ሰፈሩ ግን ያስገድዳል። የሰፈሩን ሴቶች አይቶ መልበስ ነው። ወንዶችም ቁምጣውን ቤት ውስጥ ተዉት። ለተቃራኒ ፆታ እጅ ቀድማችሁ አትዘርጉ፤ መዳፍን ደረት ላይ አድርጎ አንገት ሰበር ማድረግ ይበቃል። በረመዳን ቀን መንገድ ላይ አትብሉ፣ አትጠጡ፣ አታጭሱ። የሰው ሕፃን ስታደንቁ "ማሻአላህ" በሉ።

ሙስሊም የሆናችሁም "እኔማ ቤቴ ነው" አትበሉ። ሱኒና ሺዓ በተፋጠጡበት ከተማ፣ ሶላት ላይ እጃችሁን ማጠፋችሁ ወይም መዘርጋታችሁ ብቻ ወገናችሁን ይናገራል። ክርክር ውስጥ አትግቡ፤ መስጊድ ስትመርጡም የአገሩን ሰው ጠይቁ።

ይህን ሁሉ ለደንቡ ብቻ አይደለም የምላችሁ። እኔ ፓስፖርቴ የተቆለፈበት ዕለት ወሬውን ያመጣልኝ ኤምባሲ አልነበረም። በረመዳን ለማፍጠሪያ የጠሩኝ፣ ጠዋት ጠዋት ሰላም የምላቸው ጎረቤቴ ነበሩ። የትኛው መንገድ እንደተዘጋ፣ የትኛው ሱቅ ውሃ እንዳለው ያውቃሉ። በራቸውን አንኳኩቶ የማያውቅ ሰው ያን ቀን ማንን ይጠይቃል?

እንደደረሳችሁ ኤምባሲ ሄዳችሁ ተመዝገቡ፤ ኤምባሲ ከሌለ የትኛው ጎረቤት አገር ያለው እንደሚሸፍን እወቁ። ኢንተርኔት ሊቋረጥ ይችላል፤ ሱዳን ውስጥ ከኦክቶበር 2021ዱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ከ3 ሳምንት በላይ ተዘግቶ ነበር። ካርታውን ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ስልክ ቁጥሮችን በወረቀት ጻፉና ከፓስፖርቱ ጋር አኑሩ። አንደኛው መስመር ላይ የጎረቤታችሁ ይሁን፤ ኤምባሲው ሁለተኛ ይከተል።